ቀለህ እንዴት ይለያል? ጥይት መልሰው ለሚሞሉ

"ቀለሁን በክብደት ልለየው ወይስ በፋብሪካ?" ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰኛል። አንዳንዱ ሚዛን ገዝቶ ነው የሚጠይቀኝ። አንዳንዱ ደግሞ ሁለት መቶ ቀለህ አንድ በአንድ መዝኖ፣ ቁጥሩን ሁሉ ደብተር ላይ ጽፎ፣ ጥይቱ ግን አሁንም ኢላማው ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ይበተንበታል። መልሱ አጭር ነው። ሁለቱም ያስፈልጋል፣ ግን ተራ አለው። ሚዛን መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሩዱ የሚቃጠለው በቀለሁ ሆድ ውስጥ ነው። እኩል ባሩድ ጠበብ ባለ ሆድ ውስጥ ሲቃጠል ግፊቱ ከፍ ይላል፣ ሰፋ ባለው ውስጥ ዝቅ ይላል። ግፊቱ ሲለያይ የአረሩ ፍጥነት ይለያያል። (አረር የምለው ከአፈሙዙ የሚወጣውን ጫፍ ነው።) በ100 ሜትር ላይ ይህ ብዙም አይታይም። በ500 ሜትር ግን ዘገም ብሎ የወጣው አረር ዝቅ ብሎ ያርፋል። ሁለተኛው ጉዳይ አንገቱ ነው። አንዱ ቀለህ አረሩን ጥብቅ አድርጎ ሲይዝ ሌላው ላላ አድርጎ ከያዘ፣ አረሮቹ እኩል አይለቀቁም።

ስለ ባሩድ መጠን እዚህ አልጽፍም። ለዚያ የባሩድና የአረር አምራቾች ያሳተሙትን የመሙያ መጽሐፍ ተከተሉ። ባላችሁበት አገር ጥይት መሙላት ፈቃድ የሚጠይቅ ከሆነም መጀመሪያ ፈቃዱን ያዙ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የእጅ ባትሪ፣ ማጉያ መነጽርና ማግኔት
- ጫፉ ወደ ጎን የታጠፈ ቀጭን ጠንካራ ሽቦ
- እስከ 0.01 ሚሊሜትር የሚያነብ ካሊፐር (ርዝመትና ስፋት የሚለካ መሣሪያ)
- እስከ 0.1 ግሬን የሚያነብ ሚዛንና የራሱ መፈተሻ ክብደት (1 ግሬን 0.0648 ግራም ነው)
- የፕራይመር ማውጫ (ፕራይመር ማለት ባሩዱን የሚለኩሰው ትንሹ ቆብ ነው)፣ የቀለህ ቅርጽ መመለሻ ዳይ (ተኩስ ያሰፋውን ቀለህ ወደ ልኩ የሚመልስ ቅርጽ ማውጫ)፣ የቀለህ መከርከሚያ
- የአንገት ውፍረት የሚለካ ማይክሮሜትር (ለሩቅ ኢላማ ካልሆነ ይቅር)
- ክዳን ያላቸው ሳጥኖች፣ ማርከር፣ የሚለጠፍ ወረቀት
- ጓንትና የዓይን መነጽር

ከመጀመራችሁ በፊት

የተተኮሰ ቀለህ ውስጥ ያለው ጥላሸት እርሳስ አለበት። እርሳሱ በአብዛኛው የሚመጣው ከፕራይመሩ ነው። ስለዚህ ምግብ በሚበስልበትና በሚበላበት ቦታ ይህን ሥራ አትሥሩ። እየሠራችሁ አትብሉ፣ አታጭሱ። ስትጨርሱ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ልጆች አጠገባችሁ አይኑሩ። ባሩድና አዲስ ፕራይመርም በዚያ ሰዓት ጠረጴዛው ላይ መታየት የለባቸውም። የዛሬው ሥራ መለየት ብቻ ነው።

ደረጃ 1፦ ሁሉም ባዶ መሆኑን አረጋግጡ

እያንዳንዱን ቀለህ አንሱና አፉን እዩ። ከተኩስ ሜዳ ከተለቀመ ክምር ውስጥ ያልተተኮሰ ጥይት መገኘቱ ብርቅ አይደለም። አረር ካለበት ለብቻው አስቀምጡት። በምንም ምክንያት ወደ ፕራይመር ማውጫ አታስገቡት። ፕራይመሩ ላይ የመምቻው ምልክት ከሌለም እንዳልተተኮሰ ጥይት ቁጠሩት።

ከዚያ በባትሪ ወደ ውስጥ እዩ። ትንንሾቹ የ.22 ቀለሆች ትልቁ ውስጥ ገብተው ይሰነቀራሉ። ጠጠርና አፈርም እንደዚሁ። እኔ አንድ ጊዜ ይህን ዘልዬ የፕራይመር ማውጫዬን መርፌ ሰብሬያለሁ። ከዚያ ወዲህ ባትሪዋ ከጠረጴዛው ላይ አትነሳም።

ደረጃ 2፦ በካሊበር ለዩ

(ካሊበር ማለት የጥይቱ ዓይነትና ልክ ነው።) ቀላል ይመስላል። ግን አደጋ ያለበት ደረጃ ነው። ብዙ ቀለሆች የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። .243 ዊንቸስተርና 7 ሚሊሜትር-08 ሁለቱም ከ.308 የወጡ ናቸው፤ መቀመጫቸው (ፕራይመሩ ያለበት የታችኛው ጠንካራ ክፍል) እኩል ነው። .270 ዊንቸስተርም ከ.30-06 ጋር ሲታይ እንደዚያው ነው። ስለዚህ በዓይን ገምታችሁ አትለፉ። መቀመጫው ላይ የታተመውን አንብቡ፣ ከዚያ የአንገቱን አፍና ርዝመቱን በካሊፐር ለኩ።

ማኅተሙን ብቻ ማመን ለምን አይበቃም? ሰው ቀለህን ቆርጦ ወደ ሌላ ካሊበር ይቀይራልና። .300 ብላክአውት ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከ.223 ቀለህ ነው። ቁመቱ ወደ 35 ሚሊሜትር ይወርዳል፣ መቀመጫው ላይ ግን አሁንም ".223" ይላል።

*ማስጠንቀቂያ፦ በ.300 ብላክአውት የተሞላ ጥይት .223 መሣሪያ ውስጥ ገብቶ ከተተኮሰ መሣሪያውን ሊያፈነዳው ይችላል። ሁለቱን በአንድ ሳጥን አታስቀምጡ። ቢቻል በአንድ ቀንም አትሥሯቸው።*

ደረጃ 3፦ የማይሞሉትን አውጡ

ማግኔቱን ክምሩ ላይ አዟዙሩት። የሚሳበው ብረት ነው፤ ወደ ጎን ይሂድ። ብረት እንደ ናስ አይለጠጥም፣ ዳዩንም ይጭራል። የአሉሚኒየም ቀለህ በማግኔት አይሳብም፣ ግን በቅለቱና በግራጫ ቀለሙ ይታወቃል። እሱም አይሞላም።

አሁን ወደ ናሱ። በባትሪ አፉን አብርታችሁ ታቹን እዩ። መሃል ላይ አንድ ቀዳዳ ካለ ቦክሰር የሚባለው ነው፤ ይሞላል። ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ጎን ለጎን ካሉ በርዳን ነው። በተለመደው ማውጫ በርዳንን ለማውጣት ብትሞክሩ መርፌው የሚያርፈው ቀዳዳው ላይ ሳይሆን ጠንካራው ናስ ላይ ነው። ይሰበራል።

ደረጃ 4፦ እጠቡና አድርቁ

ቆሻሻ ስንጥቅን ይሸፍናል። ጥላሸትም ሚዛን ላይ ይቆጠራል። ለብ ባለ ውሃና በጥቂት የዕቃ ሳሙና ማጠብ ይበቃል። በደረቅ ማጽጃ ከበሮ የምትሠሩ ከሆነ አቧራው እርሳስ ያለበት ስለሆነ ክዳኑን ውጭ ክፈቱት። በብረት መርፌ የምታጥቡ ደግሞ መርፌ ቀለሁ ውስጥ እንዳልቀረ በባትሪ አረጋግጡ።

አሞኒያ ያለበትን የናስ ማብለጫ አትጠቀሙ። ያብረቀርቃል፣ እውነት ነው። ናሱን ግን ከውስጥ ያዳክመውና ቆይቶ ይሰነጠቃል። ምድጃ ውስጥም አታድርቁ፤ መቀመጫው በሙቀት ከለሰለሰ ግፊቱን አይችልም። ጨርቅ ላይ ዘርግታችሁ አሳድሩት።

ደረጃ 5፦ የተጎዳውን ጣሉ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ቀለሁን በጣታችሁ እያዞራችሁ ከአፍ ጀምራችሁ ወደ ታች እዩት።

አንገት፦ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅም ቢሆን ይጣላል። ብዙ ጊዜ ናሱ ተደጋግሞ ተተኩሶ ጠንክሮ ከመድረቁ የሚመጣ ነው።

ሆድ፦ በቁመቱ የተሰነጠቀ ይጣላል። ትንሽ ጎድጎድ ያለ ግን ሲተኮስ ይመለሳል፣ አያስጨንቅም። ስል እጥፋት ካለው ይጣል።

የፕራይመሩ ጎድጓዳ፦ ዙሪያው በጥላሸት ከጠቆረ ጋዝ አምልጧል ማለት ነው። አዲስ ፕራይመር ስታስገቡ ያለ ጉልበት ሰተት ካለም ጎድጓዳው ሰፍቷል። የቱንም ያህል ቢያምር ይጣላል።

ከመቀመጫው ከፍ ብሎ ያለው ቦታ፦ ዋናው ይህ ነው። ከጠንካራው መቀመጫ ወደ ቀጭኑ ግድግዳ በሚሻገርበት አካባቢ ዙሪያውን የከበበ የሚያብለጨልጭ ቀለበት ታያላችሁ? ናሱ እዚያ ጋ ተስቦ ሳስቷል። ቀጣዩ ተኩስ ለሁለት ሊከፍለው ይችላል፤ ያኔ ትኩስ ጋዝ ወደ ኋላ፣ ወደ ፊታችሁ ይመጣል። ከውጭ የሚታየው ምልክት ግን ሊያታልል ይችላል። ዳይ የጫረውም ቀለበት ይመስላል። ለዚህ ነው የታጠፈው ሽቦ የሚያስፈልገው። ጫፉን ወደ ውስጥ አስገቡና ከታች ወደ ላይ ግድግዳውን እየነካችሁ ሳቡት። ሽቦው ቦይ ውስጥ እንደገባ ጎድ ብሎ ከያዘ፣ ቀለሁ አልቆለታል።

የዚህ ምክንያት ብዙ ጊዜ ቅርጹ ሲመለስ ትከሻው (ሆዱ ወደ አንገቱ የሚጠብበት ቦታ) ከሚገባው በላይ ወደ ኋላ መገፋቱ ነው። በተተኮሰ ቁጥር ቀለሁ ወደ ፊት ይለጠጣል፣ ከዚያ ተመልሶ ይገፋል፣ እንደገና ይለጠጣል። ሽቦ ደጋግማችሁ ስታጥፉ የሚሆነውን አስቡ። ከአንድ ምድብ ሁለት ሦስት እንዲህ ያለ ካገኛችሁ ምድቡን በሙሉ ጥርጣሬ ውስጥ ክተቱት፣ የዳዩንም ልክ አስተካክሉ። መዝጊያው በእጅ ለሚከፈት መሣሪያ ትከሻውን ከ0.025 እስከ 0.05 ሚሊሜትር ያህል መግፋት ይበቃል። ለግማሽ አውቶማቲክ ትንሽ ጨምሩበት፣ እስከ 0.1 ሚሊሜትር።

ደረጃ 6፦ በማኅተም ለዩ

ከሁሉም በላይ ለውጥ የሚያመጣው ይህ ነው። ወጪውም ባዶ ነው።

ላፑዋን ከላፑዋ፣ ዊንቸስተርን ከዊንቸስተር፣ ሆርናዲን ከሆርናዲ ጋር አድርጉ። ውጫቸው አንድ ነው። ውስጣቸው ግን የግድግዳውና የመቀመጫው ውፍረት እንደ ፋብሪካው ይለያያል። የወታደር ቀለህ ከሆነ ዓመተ ምሕረቱ በሁለት አሃዝ ይታተምበታል፤ ዓመቱንም ለዩ። ክብ ውስጥ መስቀል ያለበት ምልክት ደግሞ በናቶ ደረጃ የተሠራ መሆኑን ይናገራል።

*ማስጠንቀቂያ፦ የ7.62×51 ወታደራዊ ቀለህ (የ.308 ወታደራዊ አቻ) ብዙ ጊዜ ከ.308 የንግድ ቀለህ ይከብዳል። ስለዚህ ሆዱ ይጠባል። በንግዱ ቀለህ የተላመዳችሁበትን የባሩድ መጠን እንዳለ ወታደራዊው ላይ አትሙሉ። የቀለህ ዓይነት በተቀየረ ቁጥር ከመጽሐፉ መነሻ መጠን እንደገና ይጀመራል።*

የወታደር ቀለህ ሌላም ጠባይ አለው። ፕራይመሩ እንዳይወጣ ዙሪያው ተቀጥቅጦ ይታሰራል። ያ ማሰሪያ ካልተነሳ አዲሱ ፕራይመር ይጣመማል። ማኅተሙን ስታዩ ይህንንም እዩና ለብቻ አስቀምጡ።

ደረጃ 7፦ ስንት ጊዜ እንደተተኮሰ ለዩ

ናስ በተተኮሰና ቅርጹ በተመለሰ ቁጥር ጠንክሮ ይደርቃል። የደረቀ አንገት እንደ አዲሱ አይይዝም። አንዴ የተተኮሰውንና አምስት ጊዜ የተተኮሰውን አንድ ላይ ከሞላችሁ፣ ፋብሪካው አንድ ቢሆንም አያያዛቸው ይለያያል።

ቀለሁን ራሳችሁ ገዝታችሁ ከሆነ ቀላል ነው። 50 ወይም 100 አድርጋችሁ ምድቡን አታፍርሱ፤ አብሮ ይተኮሳል፣ አብሮ ይሞላል። የተለቀመ ከሆነ ግን ታሪኩን ማወቅ አይቻልም። እሱን ለልምምድ አድርጉት።

ደረጃ 8፦ ቅርጹን መልሱ፣ ከርክሙ

ያረጀውን ፕራይመር አውጡ። ቅርጹን በዳዩ መልሱ። ከዚያ ርዝመቱን ለኩ፤ ከዳዩ በፊት ሳይሆን በኋላ፣ ምክንያቱም ዳዩ ናሱን ወደ ፊት ይገፋዋል።

.308 ዊንቸስተር ከ51.18 ሚሊሜትር ማለፍ የለበትም፤ የሚከረከመው ወደ 50.93 ነው። ለ.223 ሬሚንግተን ጣሪያው 44.70 ሲሆን መከርከሚያው 44.45 ነው። ቀለሁ ከጣሪያው ካለፈ አፉ የቻምበሩ (መሣሪያው ውስጥ ጥይቱ የሚቀመጥበት ቦታ) ጫፍ ላይ ይጣበቅና አረሩን ቆንጥጦ ይይዘዋል። ግፊቱ በአንዴ ይነሳል።

ከጣሪያው በታች ቢሆኑም ሁሉንም ወደ አንድ ርዝመት ከርክሙ፤ ቀጥሎ ለሚመጣው ሚዛን ያስፈልጋል። የተቆረጠውን ጠርዝ ከውስጥም ከውጭም አለስልሱ። የፕራይመሩ እሳት የሚገባበትን ቀዳዳ ውስጡን እዩና የተንጠለጠለ የናስ ቅሪት ካለ አንሱ፤ እሳቱ በሁሉም ላይ እኩል እንዲገባ ነው።

ደረጃ 9፦ አንገቱን ለኩ

ከ300 ሜትር በታች ለሚተኩስ ይህን ዝለሉት ብል ቅር አይበላችሁ። ለሌላው፦ የአንገቱን ግድግዳ በማይክሮሜትር አራት ቦታ ለኩ። በወፍራሙና በቀጭኑ ጎን መካከል ያለው ልዩነት እስከ 0.025 ሚሊሜትር ከሆነ አንደኛ ደረጃ ነው። እስከ 0.05 ለተለመደ ሥራ ይሆናል። ከዚያ በላይ ከሆነ አረሩ መሃል አይቀመጥም፣ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ለልምምድ ይሁን።

ደረጃ 10፦ አሁን መዝኑ

ሚዛኑን ቀድማችሁ አብሩትና ይሙቅ። ንፋስ ከሚመጣበት መስኮትና ማራገቢያ አርቁት። በመፈተሻ ክብደቱ አስተካክሉት። አንድ ቀለህ "ምስክር" አድርጋችሁ ያዙ፤ በየ10 ቀለሁ እሱን መልሳችሁ መዝኑት። ቁጥሩ ከተንሸራተተ ሚዛኑ ተንሸራትቷል፣ የመጨረሻዎቹን 10 ድገሙ።

የእያንዳንዱን ክብደት ወረቀት ላይ ብቻ አትጻፉ። ጠረጴዛው ላይ በየ1 ግሬኑ ረድፍ ሠርታችሁ ቀለሁን ራሱን አቁሙት። ስትጨርሱ ሥዕሉ ራሱ ይናገራል። መሃል ላይ ወፍራም ክምር፣ በሁለቱም ጫፍ ጥቂት የተበታተኑ። ሁለት ክምር ከወጣ ሁለት የምርት ዙር ተደባልቋል ማለት ነው፤ ሁለት ቦታ ክፈሉት።

መሃሉን ውሰዱ። 170 ግሬን አካባቢ ለሚመዝን ቀለህ በ2 ግሬን ውስጥ ያሉትን አንድ ምድብ ማድረግ ጥሩ ነው። 93 ግሬን አካባቢ ለሚመዝነው የ.223 ቀለህ 1 ግሬን ያህል ይሁን። ጫፍ ላይ የቀሩትን አትጣሉ። መሣሪያ ለማሟሟቂያና ዓላማ ለማስተካከያ ይሆናሉ። በጣም የቀለለውን ግን መልሳችሁ በሽቦ ፈትሹት።

ልዩነቱ በእርግጥ ምን ያህል ነው? ናስ ከውሃ 8.5 ጊዜ ያህል ይከብዳል። የውጪው ቅርጽ እኩል ከሆነ 8.5 ግሬን ተጨማሪ ናስ የሚወስደው የ1 ግሬን ውሃ ቦታ ነው። የ.308 ሆድ 56 ግሬን ውሃ ያህል ይይዛል። እንግዲህ የ1 ግሬን የክብደት ልዩነት ከሆዱ የሚቀንሰው ከመቶ ሩብ እንኳ አይሞላም። በተለያዩ ፋብሪካዎች መካከል 15 ወይም 20 ግሬን ልዩነት ሲኖር ግን ሌላ ታሪክ ነው። በማኅተም ሳይለዩ መመዘን ለምን እንደማያዋጣ ከዚህ ይታያችኋል።

ደረጃ 11፦ በውሃ አረጋግጡ

ክብደት የሆድን ስፋት በቀጥታ አይለካም። ትርፍ ናሱ ሆዱ ጋ ሳይሆን መቀመጫው ዙሪያ ባለው ቦይ ላይም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከምድቡ ከከባዶቹ 5፣ ከቀላሎቹ 5 በማርከር ምልክት አድርጉባቸው። ሁሉንም በአንድ መሣሪያ ተኩሷቸው። ከዚያ ፕራይመሩን ሳታወጡ፣ ቅርጹንም ሳትመልሱ ደረቁን መዝኑ። አንድ ጠብታ ሳሙና የገባበት ውሃ በስሪንጅ ሙሉባቸው፤ ሳሙናው የአየር አረፋ ውስጡ እንዳይቀር ይረዳል። ውሃው ከአፉ ጋር ልክ ይሁን፣ ከአፉ በላይ አይቆለል። እንደገና መዝኑና ቀንሱ። ከባዶቹ በግልጽ ያነሰ ውሃ ከያዙ የክብደት ልየታችሁ ትርጉም አለው። ካልሆነ በሚቀጥለው ጊዜ ደረጃ 10ን አሳጥሩት።

ደረጃ 12፦ ሳጥን ላይ ጻፉ

ካሊበር፣ ፋብሪካ፣ የተተኮሰበት ብዛት፣ የተከረከመበት ርዝመት፣ የክብደት ክልል። ወረቀቱን ክዳኑ ላይ ሳይሆን ሳጥኑ ላይ ለጥፉ። ክዳን ይቀያየራል።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስሕተቶች

ሳይከረክሙ መመዘን። ይህን እኔም ሠርቼዋለሁ። አንድ ሙሉ ምሽት መዝኜ፣ ረድፍ ሠርቼ፣ ተደስቼ ተኛሁ። በማግስቱ ስከረክማቸው ረድፉ ሁሉ ተደበላለቀ። ከአንገቱ ሩብ ሚሊሜትር ብቻ መቁረጥ 0.3 ግሬን ያህል ያነሳል። ያረጀው ፕራይመር ደግሞ ብቻውን ጥቂት ግሬን ይመዝናል።

እርጥብ ቀለህ መመዘን። የፕራይመሩ ጎድጓዳ ውስጥ የቀረች ጠብታ ቁጥሩን ታበላሻለች።

ምድብን በጣም ማሳነስ። 100 ቀለህ ወደ ስምንት ሳጥን ከተከፈለ በአንዱም በቂ ጥይት አይኖርም፣ መሞከርም አይቻልም።

በልየታ ተማምኖ የባሩድ መጠን መጨመር። የተለየ ቀለህ ውጤቱን እኩል ያደርጋል እንጂ ጣሪያውን ከፍ አያደርግም።

የሸሸውን አለማስታወስ። በደንብ ተኩሳችሁ አንድ ጥይት ብቻውን ርቆ ካረፈ ያን ቀለህ በማርከር ምልክት አድርጉበት። በሚቀጥለው ሙሌት እሱ ራሱ እንደገና ከሸሸ ጥፋቱ የእጃችሁ አይደለም፤ ከምድቡ ይውጣ።

የተጣለውን እንዳለ መተው። የተሰነጠቀ ወይም ቀለበት ያወጣ ቀለህ ስትጥሉ አፉን በፒንሳ ጨፍልቁት። አለዚያ ከወር በኋላ ታጥቦ፣ አብረቅርቆ፣ ከደህናዎቹ መሃል ታገኙታላችሁ።